ታኅሣሥና ጥር ላይ የሚደርቀው የመኝታ ቤት አየር፦ ከማሽኑ በፊት ማሞቂያው

ጥያቄ፦ «ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የ6 ዓመቷ ልጄ ጠዋት ጠዋት ይነስራታል፣ ከንፈሯም ይሰነጣጠቃል። ለብቻዋ በምትተኛበት ክፍል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እናበራላታለን፤ እስኪነጋ ይሠራል። የክፍሉ በር እንጨትም ተሰነጠቀ። አልጋዋ ሥር በሳፋ ውሃ አስቀምጬ ለውጥ አላየሁም። እኅቴ ከአሜሪካ ጭጋግ የሚረጭ ሂዩሚዲፋየር (አየር የሚያረጥብ ማሽን) ላከችልኝ፤ ሳበራው በነጋታው ዕቃው ሁሉ ነጭ አቧራ ለብሶ አገኘዋለሁ። አንዷ ጎረቤቴ ‹ከሰል አቀጣጥለሽ ውሃ ጥደሽበት ይደር› አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ የንጋት አየር እርጥብ ስለሆነ ሳይነጋ መስኮት ክፈቺ ትላለች። የቱን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ከሰሉን በምንም መልኩ አያስገቡ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ በኋላም መውጣቱን አያቆምም፤ ሰው የሚዘናጋው ደግሞ ልክ ያኔ ነው። ጋዙ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛ ሰው ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹን ሳያውቀው ራሱን ይስታል። ላዩ ላይ የተጣደ ውሃ ጋዙን አያስቀረውም፤ መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ቤተሰብ እንዳለ ሊጨርስ የሚችል ምክር ነውና ለጎረቤትዎም በግልጽ ይንገሯቸው።

የልጅዎን ክፍል ያደረቀው ከሁሉ በላይ ማሞቂያው ነው። ብዙ ሰው ማሞቂያ የአየሩን ውሃ «ያቃጥለዋል» ብሎ ያስባል፤ እንደዚያ አይደለም። በክፍሉ ያለው የውሃ ተን ማሞቂያው ከመብራቱ በፊትም በኋላም ያው ነው። የሚለወጠው አየሩ መያዝ የሚችለው መጠን ነው። አየር በሞቀ ቁጥር ብዙ ተን የመያዝ አቅም ያገኛል። መለኪያ ላይ በመቶኛ የምናነበው አንጻራዊ እርጥበት ደግሞ አየሩ የያዘው ተን ሊይዝ ከሚችለው ስንት እጅ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ሲወርድ አየሩ ያላገኘውን ውሃ ከአፍንጫ፣ ከከንፈር፣ ከቆዳና ከእንጨት መሳብ ይጀምራል። በማራገቢያ ሞቃት አየር የሚተፋው ዓይነት ማሞቂያ ከሆነና ፊቱ ወደ አልጋው ከዞረ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ፊቷ ላይ ደረቅ ነፋስ እየነፈሰባት ታድራለች ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። አዲስ አበባ በእነዚህ ወራት ቀን ወደ 23 ዲግሪ ትሞቃለች፣ ሌሊት ደግሞ ወደ 8 ዲግሪ ትወርዳለች። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 23 ዲግሪ ሆኖ አንጻራዊ እርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን፣ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር የያዘው ውሃ 6.2 ግራም ያህል ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ 8 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 80 በመቶ ቢነበብ ደግሞ የያዘው 6.6 ግራም ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። የንጋቱ አየር «እርጥብ» የሚመስለው ስለቀዘቀዘ ብቻ ነው፤ ቤት ገብቶ ሲሞቅ እንደ ከሰዓት በኋላው አየር ደረቅ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛዋ ጎረቤትዎ ያሉት ጉዳት የለውም፣ ጥቅምም የለውም፤ ብርድ ብቻ ያስገባል። መስኮት መክፈት አስፈላጊ ነው፣ ግን ለእርጥበት ሳይሆን ለንጹሕ አየር። እሱንም ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ የጠዋቱ የመኪና ግፊያ ጋብ ሲልና ውጪው ሲሞቅ፣ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ በሁለት አቅጣጫ ከፍቶ መዝጋት ይበቃል። የሚገባው ውሃ ያው ስለሆነ፣ ሙቀት ይዞ የሚገባውን አየር መምረጥ ነው።

አሁን ያንኑ አየር፣ በሜትር ኪዩብ 6.4 ግራም ውሃ የያዘውን፣ ቤት ውስጥ እናሙቀው። 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አንጻራዊ እርጥበቱ 42 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ለጤና ጥሩ የሚባል ቁጥር ነው። ማሞቂያው ክፍሉን 25 ዲግሪ ሲያደርሰው ግን ወደ 28 በመቶ ይወርዳል። ከ30 በታች ሲሆን አፍንጫና ጉሮሮ ማስቸገር ይጀምራል። እንግዲህ ምንም ውሃ ሳይወጣ፣ ምንም ሳይጨመር፣ በሙቀት ብቻ ጥሩው ክፍል መጥፎ ሆነ።

ይህ የሚጨመረውን ውሃ መጠንም ይለውጠዋል። ክፍሉ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ቁመቱም 2.6 ሜትር ቢሆን 23 ሜትር ኪዩብ ገደማ አየር አለው። በመስኮቱና በበሩ ክፍተት የክፍሉ አየር በሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ይለወጣል ብለን እንያዝ። 25 ዲግሪ የሞቀውን ክፍል 45 በመቶ ላይ አድርሶ ለ8 ሰዓት ለማቆየት ከ800 ግራም በላይ ውሃ መትነን አለበት። በ20 ዲግሪ የሚያስፈልገው 300 ግራም ገደማ ነው። በ18 ዲግሪ ወደ 100 ግራም ይወርዳል፤ እሱን ደግሞ ልጅቷ ራሷ በትንፋሿና በቆዳዋ ሌሊቱን ትለቀዋለች። ማሞቂያውን ዝቅ ማድረግ ከየትኛውም ማሽን የሚበልጠው ለዚህ ነው።

በኢንተርኔት የሚገኘው ምክርና ከማሽኖቹ ጋር የሚመጣው መመሪያ በአብዛኛው የተጻፈው ውጪው በረዶ ለሆነባቸው አገሮች ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነ አየር በሜትር ኪዩብ ከ2 ግራም ብዙም የማይበልጥ ውሃ ነው የሚይዘው፤ 20 ዲግሪ ቤት ውስጥ ሲገባ 13 በመቶ ገደማ ይሆናል። እዚያ በቀን ብዙ ሊትር የሚረጭ ማሽን ቢያስፈልግ አይገርምም። እኛ የምንነሣው ከ30ዎቹ ወይም ከ40ዎቹ ነው። ያንን መመሪያ እዚህ በቀጥታ የሚከተል ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሻጋታ ያፈራል። ከደረቁ ነፋስ የተነሣ አየሩ የያዘው ውሃ በሜትር ኪዩብ ወደ 4 ግራም የሚወርድባቸው ቀናት አሉ፤ በእነዚያ ቀናት 20 ዲግሪ የሆነውን ያንኑ ክፍል 40 በመቶ ላይ ለማቆየት 600 ግራም ያህል ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን በሰዓት ከ100 ግራም በታች ነው።

እዚህ ላይ ስለ ግድግዳው አንድ ነገር ልበል። በጭቃ የተመረጉት የድሮ ቤቶች እርጥበት ሲበዛ ይመጥጣሉ፣ ሲያንስ መልሰው ይለቃሉ፤ የጭቃ ልስን ይህ ጠባይ አለው። የእርስዎ ክፍል ግን ብሎኬትና የሲሚንቶ ልስን ነው፤ ላዩ ላይ የዘይት ቀለም ከተቀባ ደግሞ ግድግዳው ምንም አይመጥጥም፣ ምንም አይሰጥም። ስለዚህ ቁጥሩ በፍጥነት ይወጣል፣ በፍጥነትም ይወርዳል። በኮንዶሚኒየም ቤት እርጥበትን በግምት መምራት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

መለኪያ ይግዙ። ሙቀትና እርጥበት አብሮ የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ከሂዩሚዲፋየር በብዙ ይረክሳል። ርካሾቹ በ5 በመቶ ያህል ሊሳሳቱ ይችላሉና በጨው ይፈትኑት። የለስላሳ ቆርኪ ወስደው የገበታ ጨው ይሙሉበት፤ ጨው እስኪርስ ድረስ ጥቂት ጠብታ ውሃ ያንጠባጥቡበት፣ ግን ውሃው ላዩ ላይ እንዳይቋጥር፣ ጨውም እንዳይሟሟ። ቆርኪውንና መለኪያውን ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ፣ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ብርሃን አሳላፊ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው ይዝጉና ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ቦታ 12 ሰዓት ያህል ያቆዩት። በዚያ የታሸገ ዕቃ ውስጥ ያለው አየር 75 በመቶ ላይ ይቆማል። ክዳኑን ሳይከፍቱ ያንብቡ፦ 70 ካለ መለኪያዎ 5 ያሳንሳል ማለት ነው፤ ከጀርባው ላይ ይጻፉበትና ባነበቡ ቁጥር 5 ይደምሩ።

መለኪያው የሚቀመጠው በአልጋው ከፍታ፣ ከመስኮቱና ከውጪው ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከማሞቂያውም ከማሽኑም ጭጋግ ውጪ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ሙቀቱንም እርጥበቱንም ይመዝግቡ። ቁጥሩ ከ40 እስከ 50 ከሆነ ምንም አይጨምሩ፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከ30 እስከ 40 ከሆነ ማሞቂያውን ማስተካከል ይበቃል። ማሞቂያው ጠፍቶም ከ30 በታች ከወረደ ነው ውሃ መጨመር የሚያስፈልገው። ጠዋት የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል አልቦ ካገኙት ደግሞ ቁጥሩን ሳያዩም መልሱ ይታወቃል። 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ እርጥበቱ 65 በመቶ ሲደርስ ተኑ 11 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ነጠላ መስታወትና የብረት ፍሬም በታኅሣሥ ንጋት እዚያ ይደርሳሉ። የሚያልብ መስታወት ያለበት ክፍል ውስጥ እርጥበት መጨመር ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ መዝራት ነው። ሁለትና ሦስት ሰው በር ዘግቶ የሚተኛበት ክፍል ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፤ እያንዳንዱ አዋቂ በእንቅልፉ በሰዓት 30 እና 40 ግራም ተን ስለሚለቅ። ለብቻዋ የምትተኛው ልጅዎና እናንተ ሁለታችሁ የምትተኙበት ክፍል ቁጥራቸው አንድ አይሆንምና እያንዳንዱን ለብቻ ይለኩ።

ሳፋው ለምን አልሠራም? ውሃ የሚተነው አየር ከሚነካው ፊቱ ስለሆነ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳፋ፣ የረጋ ውሃ ይዞ፣ ነፋስ በሌለበት ክፍል በሰዓት 10 ግራም ገደማ ይለቃል፤ ሌሊቱን 100 ግራም አይሞላም። ጥልቀቱ ምንም አይጨምርለትም። አልጋ ሥር ሲገባ ደግሞ አየር ስለማይነካው ከዚያም ያንሳል። ትንንሽ ሕፃናት ባሉበት ቤት ወለል ላይ የተቀመጠ ሳፋ ውሃ ራሱ አደጋ ነው። አበባና ተክል በክፍል ውስጥ ማስቀመጥም በዚህ ረገድ የሚታይ ለውጥ አያመጣም።

የሚያስፈልገው ብዙ ፊት ያለው እርጥብ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ቤትዎ አለ። አሮጌ ነጠላ ወይም የአልጋ አንሶላ በንጹሕ ውሃ ነክረው፣ እስከማይንጠባጠብ ድረስ ጨምቀው፣ ከአልጋው አንድ ሜትር ያህል ርቆ በገመድ ወይም በሁለት ወንበር መካከል ዘርግተው ያሳድሩት። እንደ ጨርቁ ውፍረት ከ300 እስከ 500 ግራም ውሃ ይይዛል። በኩሽና ሚዛን ማታ ይመዝኑት፣ ጠዋትም ይመዝኑት፤ ልዩነቱ ክፍሉ ውስጥ የገባው ውሃ ነው። እጥፋት ካለው ፊቱ ይቀንሳልና ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። ጋቢ ለዚህ አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ ሳይደርቅ ያድርና ይሸታል። የሳሙና ወይም የማለስለሻ ሽታ ያለበት ጨርቅም ለሚነስራት ልጅ አይመከርም፤ ደጋግመው ያለቅልቁት። ማሞቂያ ላይ ወይም አጠገቡ ግን በጭራሽ አይዘርጉት፤ ሲደርቅ እሳት ሊነሣ ይችላል። ጨርቁ ሲደርቅ ክፍሉን በጥቂቱ ያቀዘቅዛል፤ አንድ ብርድ ልብስ መጨመር ይበቃል። መብራት ቢጠፋም ይህ ዘዴ ሥራውን አያቆምም፤ ማሽኑ ግን ይቆማል።

እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ግን ምንም መዘርጋት አያስፈልግም። ከምጣዱ የሚወጣው እንፋሎት ቤቱን ይሞላዋል፤ እንዲያውም የኩሽናውን መስኮት ከፍተው ወደ መኝታ ቤት እንዳይሄድ በሩን ይዝጉ።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። መጀመሪያ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት በማሽኑ ወይም በቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለውም፤ አብርተውት ስለሠራ ይህ ሳይሆን አይቀርም። 110 ወይም 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን የእኛ መስመር 220 ቮልት ስለሆነ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚቀይረው ትንሽ አዳፕተር ቮልቴጅ አይቀንስም፤ ከውጭ በሻንጣ የሚመጡ ብዙ ዕቃዎች የሚቃጠሉት ሰው ሁለቱን አንድ ስለሚያደርጋቸው ነው።

ነጩ አቧራ የውሃው ማዕድን ነው። የእርስዎ ማሽን አልትራሶኒክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውሃውን አያተነውም፣ በፈጣን ንዝረት ሰባብሮ ከነማዕድኑ ይረጨዋል። ጠብታው አየር ላይ ሲደርቅ ካልሲየሙና ማግኒዝየሙ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በሊትር 200 ሚሊ ግራም ማዕድን ያለበት ውሃ ግማሽ ሊትር ሲረጭ 100 ሚሊ ግራም ዱቄት ክፍሉ ውስጥ ይገባል፤ ግማሹ ዕቃ ላይ ቢያርፍም ከተረፈው በትንፋሽ የሚገባ አለ። የከተማው ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦችም ከአቃቂ ጉድጓዶችም ይመጣል፤ የጉድጓድ ውሃ በጠቅላላው ማዕድኑ ይበዛል። በዚህ ላይ የታንከሩ ዝቃጭ አለ። ማፍላት የማዕድኑን ከፊል ብቻ ነው የሚያስቀረው፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ያ ከፊሉ ነው። አምቦ ውሃና መሰሎቹ ደግሞ ማዕድን የበዛባቸው ስለሆኑ ጭራሽ አይታሰቡም።

ማሽኑን መጠቀም ከፈለጉ ዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ተንኖ እንደገና ውሃ የሆነና ማዕድን የሌለበትን፣ ከላቦራቶሪ ዕቃ መሸጫ ይግዙለት፤ ካልተገኘ በታሸገ ውሃ መለያ ላይ ከተጻፈው ጠቅላላ የማዕድን መጠን ዝቅተኛውን ይምረጡ። የመኪና ባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠውን አያስገቡ። ከባትሪ አሲድ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ፣ በተመሳሳይ ጠርሙስ ይሸጣልና አንድ ስሕተት ልጅዎ አሲድ እንድትተነፍስ ሊያደርጋት ይችላል። አዲስ የሚገዛ ሰው ግን ከአልትራሶኒክ ይልቅ ማራገቢያና የሚረጥብ ፊልትሮ ያለውን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል። እሱ ውሃውን በእውነት ያተነዋል፣ ማዕድኑ ፊልትሮው ላይ ይቀራል፣ አየሩ እየረጠበ ሲሄድ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለአንድ መኝታ ክፍል በሰዓት ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር የሚያወጣ ይበቃል። ስልክ ቻርጀር ላይ የሚሰኩት ጥቃቅኖቹ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሚያወጡት፤ ከሳፋው ቢሻሉም ለአንድ ክፍል ያንሳሉ። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ዓይነት ንጹሕ ነው፣ ግን የ6 ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ የፈላ ውሃ አይቀመጥም።

የማሽኑ ጋን አፍ እጅ የሚያስገባ ካልሆነ አይግዙት፤ ማጽዳት አይቻልምና። ሁለትና ሦስት ቀን የቆመ ውሃ ባክቴሪያና ሻጋታ ያበቅላል፣ አልትራሶኒክ ማሽን ደግሞ ያንን ሁሉ ወደ አየር ይረጨዋል። ጠዋት ጠዋት የተረፈውን ይድፉ፣ ያለቅልቁ፣ ከፍተው ያድርቁት፤ በተረፈው ላይ አዲስ ውሃ አይጨምሩ። በየሦስት ቀኑ እኩል አቼቶና ውሃ ቀላቅለው ከሥሩ ላይ 30 ደቂቃ ያቆዩትና የሚንቀጠቀጠውን ክብ ብረት በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፤ ቢላ ወይም የብረት መፈግፈጊያ አይንካው። በሳምንት አንዴ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምረው 20 ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ያለቅልቁ። አቼቶና በረኪና በአንድ ጊዜ ፈጽሞ አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ማሽኑ በብዙ ውሃ ይታጠብ።

የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ለጉንፋን የሚቀባ ቅባት ወይም ሽቶ ማሽኑ ውስጥ አይጨምሩ። ዘይታቸው ፕላስቲኩን ያሰነጥቃል፣ የሕፃናትንም የመተንፈሻ አካል ያስቆጣል። ማሽኑ ከወለል ከፍ ብሎ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአልጋውና ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ጭጋጉ ወደ መጋረጃ፣ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ አይዙር። ዙሪያው ያለው ወለል ከረጠበ ልኩ በዝቷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ነስሩ ካልቀነሰ እርጥበት ላይ አይድረቁ። ከኅዳር እስከ ጥር አፍንጫን የሚያስቆጣው ድርቀት ብቻ አይደለም። ዝናብ ስለሌለ የመንገድና የግንባታ አቧራ አየር ላይ ይቆያል፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠል የሚነሣው ጭስ አለ፣ በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ቡና ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣን አለ። ጭስ ያስቆጣውን አፍንጫ ውሃ አያድነውም። ዕጣኑን ልጅቷ ከምትተኛበት ክፍል ያርቁ፣ ወለሉን ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። ሲነስራት ቀና አድርገው አያስተኟት፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ትቀመጥና ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ሳይለቁ 10 ደቂቃ ይያዙላት። ሁለት ጊዜ እንዲህ ተደርጎ ካልቆመ፣ በየሳምንቱ ከተደጋገመ ወይም ሰውነቷ ላይ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ነገር ካዩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ደግሞ እርጥበቱን ከ50 በመቶ በላይ ማድረግ ራሱ ሊያስነሣበት ይችላልና ማሽን ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

በሩን አሁን አያስጠግኑት። እንጨት 65 በመቶ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፣ በ30 በመቶ አየር ውስጥ ወደ 6 ይወርዳል፤ ስንጥቁ የዚህ መኮማተር ነው። በጥር በጠንካራ ስቱኮ የተሞላ ስንጥቅ በክረምት እንጨቱ ሲያብጥ ተጨምቆ ይወጣል ወይም ሌላ ቦታ ይሰነጥቀዋል። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ፣ ስንጥቁ ጠበብ ሲል ይሞላ፤ ከዚያም በሁለቱም ፊት፣ በላይኛውና በታችኛው ጠርዝም ጭምር ቫርኒሽ ይቀባ። ጠርዙ ሳይቀባ የቀረ በር ውሃ የሚጠጣውም የሚያጣውም በዚያ በኩል ነው።

ስለዚህ የምመክርዎ ይህን ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ማሞቂያው ከመኝታ በፊት 30 ደቂቃ ብቻ ይብራ፣ ልጅቷ ስትተኛ ይጥፋ፤ በጋቢና በብርድ ልብስ ትሙቅ። የግድ ማብራት ካስፈለገ ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ይሁን፣ ከ19 ዲግሪ አይለፍ፣ ፊቱም ከአልጋው ይዙር። የመስኮቱን ክፍተት ባለ ሙጫ ስፖንጅ ይድፈኑት፤ ይህ የሚመከረው ግን እሳትም ጋዝም ለማይገባበት መኝታ ክፍል ብቻ ነው። መለኪያውን በጨው ፈትነው አምስት ቀን ይመዝግቡ። ከ30 በመቶ በታች ባነበቡበት ማታ አንድ ነጠላ ነክረው ይዘርጉ። ነጠላው ተዘርግቶም ንጋት ላይ ከ30 ካልወጣ ብቻ የእኅትዎን ማሽን በዝቅተኛው ልክ፣ በዲስቲልድ ውሃ ያብሩት፤ 50 ላይ ሲደርስ ያጥፉት። በአብዛኛው የበጋ ሌሊት ማሽኑ እንደማያስፈልግ ከመዝገብዎ ያያሉ።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ማሽኑ ሥራው ያበቃል። በአቼቶ ታጥቦ፣ ጋኑና ክዳኑ ለየብቻ ሁለት ቀን ደርቆ፣ ሳይገጠም ካርቶን ውስጥ ይግባ። መለኪያው ግን ባለበት ይቆይ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከ60 በመቶ አልፎ ሲያነብ በክፍሉ ውስጥ ልብስ ማስጣት ይቁም፣ ቁም ሣጥኑ ከውጪው ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥርም መስኮቱ ይከፈት።